ከኋላ ወንበር ሥር የሚያቃስተው

ሽሽሽ… ከርር… ሽሽሽ። ጉንፋን የያዘው ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ የመሰለ ድምፅ ወደ ጋራዡ ግቢ ገባ። መካኒኩ ከአንድ ጭነት መኪና ሆድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ስለነበር የገባውን አላየም፤ ሳያይ ግን አወቀ። ሞተሩ ዝም ብሎ ከኋላ ወንበር ሥር የሚያቃስት መኪና በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ ነው፤ የሚያቃስተውም የባትሪው ማራገቢያ ነው። ወዲያው ሁለት ጫማዎች ከጎማው አጠገብ መጥተው ቆሙ። ጫማዎቹንም አወቃቸው።

«እንደምን ዋሉ» አለችው ልጁ።

ዋሉ። ይህች ልጅ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «አንተ» እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም ነበር። ጎረቤት «አባትን አንተ ይባላል እንዴ?» ብሎ ሲቆጣት እንኳ «ተዋት፣ ሌላ ስትለኝ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል» ብሎ የሚከራከርላት እሱ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን አንቱ ሆነ። አልተሳደበች፣ ከቤት አልቀረች፤ አንቱ ብቻ አለችው። ለሚሰማው ሰው አክብሮት ይመስላል። ለእሱ ግን እያንዳንዷ አንቱታ በር ስትዘጋበት ይሰማዋል። አንዲት «አንተ» ብትወጣት የጋራዡን መፍቻ ሁሉ በሰጠ ነበር።

የነገሩ መነሻ ቀልድ ነው። ልጁ ያገባችው ልብስ ሰፊ ነው፤ ድምፁ የማይሰማ፣ መኪና መንዳት የማይችል ሰው። ጨርቁን በዚህችው መኪና የምታመላልስለት እሷ ናት። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ጨዋታው ደርቶ ሳለ መካኒኩ «የኔ አማች የሚነዳው መርፌ ብቻ ነው» አለና አሳቀ። አጠገቡ የነበረው ደግሞ ሬዲዮ ነው፤ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ ይህን ስም በምላሱ ላብ ያገኘ ሰው። ሬዲዮ ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ጨመረበት፤ ወሬው ልብስ ሰፊው ቤት ሲደርስ «አማቼ ያሳፍረኛል አለ» ሆኖ ነበር።

«ምን ሆነችብሽ?» አለ መካኒኩ ከመኪናው ሥር እየተንፏቀቀ ሲወጣ።

«ባትሪው ሞቋል የሚል መብራት ታበራለች። ጊዜ ካለዎት ይዩልኝ፤ ከሌለዎት ሌላ ጋ እሄዳለሁ።»

«አለኝ፣ አለኝ።»

ሬዲዮ መዶሻውን ጥሎ መጣ። «እንኳን ደህና መጣሽ እሜቴ። ምኗን ነው?»

«ማራገቢያዋን» አለ መካኒኩ።

«ማራገቢያ እኮ እሳት ሲያነድ ነው የማውቀው። ባትሪውን ልታነደው ነው?»

«ይሄኛው ያበርዳል።»

«እንግዲያው እዚህ ግቢ ብርቅ ነው» አለች ልጅቷ፣ ሬዲዮን ከእግር እስከ ራሱ እያየች። «የሚያራግብ እንጂ የሚያበርድ አላየሁበትም።»

ሬዲዮ ሳቁን ዋጠና ወደ መዶሻው ተመለሰ።

መካኒኩ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ትንሿን ባትሪ ፈታ፣ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አጠለቀ፣ የትልቁን ባትሪ ብርቱካናማ የኃይል ማቋረጫ ነቀለ። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ይጠብቃሉ?»

«ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪረግብ ነው። ቶሎ እጄን ከሰደድኩ ይመታኛል።»

እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። ብዙ ሊላት ፈለገ፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን «ምሳ በላሽ?» ብቻ ነበር።

«በልቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ለመንገደኛ የሚባል ነገር። ተነሣና የኋላውን ወንበር አወጣ፣ የጎኑን ሽፋን ፈለቀቀ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ማራገቢያው ሲወጣ ማራገቢያ አይመስልም ነበር። ክንፎቹ በጨርቅ ብናኝ ተደፍነዋል፤ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። መሐሉ ላይ ክር ተጠምጥሞበታል። መካኒኩ የክሩን ጫፍ ይዞ ሳበው። መጣለት። ሳበው፣ አሁንም መጣለት፤ አላልቅ አለ። የሙሽራ ልብስ ይሁን የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያ ዝምተኛ ሰው አጎንብሶ የሰፋው ሁሉ እዚህ ጭራውን ትቶ ነበር። መካኒኩ የገዛ ጀርባውን አሰበ፤ ማጎንበስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

«ይበሉ እንጂ» አለችው። «መርፌ ነጂው ነው ያበላሸው ይበሉ።»

አላለም። ክሩን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ከተጋጨ መኪና ፈትቶ ያስቀመጠውን ደህና ማራገቢያ አምጥቶ ገጠመ። ማቋረጫውን መለሰ፣ ትንሿን ባትሪ አሰረ፣ ቁልፉን ሰጣት። «እስቲ አስነሺያት።»

ባትሪው ገና ትኩስ ስለነበር ማራገቢያው ወዲያው ዞረ። ድምፁ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው፤ መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። ሽፋኑን ለመመለስ ብድግ አደረገና እንደያዘው ቀረ።

«ይሄ ተመልሶ ይደፈናል» አለ። «አየር የሚስብበት አፉ ክፍት ነው። ስስ፣ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው ልብስ ይፈልጋል። እኔ ብነካው ሽቦ ጠቅልዬበት አበላሸዋለሁ። የባልሽን እጅ ይፈልጋል።»

እሷ እጇን ከመሪው ሳታነሣ ወደ ኋላ ዞረች።

«እሱ ራሱ መጥቶ ቢለካው ደስ ይለኛል። ያን ወሬ ሌላው ሰው ቢያራግበውም የጫርኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ፊት ለፊት ልነግረው እፈልጋለሁ።»

የሬዲዮ መዶሻ ቆመ። ልጅቷ አባቷን አየችው፤ ጣቱ ላይ የተጠቀለለውን ክርም አየች። መኪናውን አጥፍታ ወረደች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ሽፋኑን አትዝጋው» አለችው። «ጠብቀኝ።»

ወዴት እንደምትሄድ ሳትነግረው መኪናዋን እዚያው ትታ፣ በእግሯ ከግቢው ወጣች።