ሰባተኛው ጣቢያ፣ ከሐይቁ ማዶ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማማው ላይ እወጣለሁ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ስለሚያድር መጀመሪያ መስኮቱን በጨርቅ እወለውላለሁ። ከዚያ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከመስቀያው አወርድና መዝገቡን እከፍታለሁ።

ሐይቁ ከመኪና መወዳደሪያው መም በፊት የነበረ ነው። መሐንዲሶቹ ሊነኩት አልደፈሩም፤ መሙ ዳር ዳሩን ይዞርለታል። በዙሪያው ዘጠኝ የባንዲራ ጣቢያዎች አሉ። ሬዲዮ ጉሙ መግፈፉን አያሳይም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ባንዲራ ያዥ በተራው አንድ ጊዜ ያውለበልባል፣ እኔ በዓይኔ ካየሁ «ታይቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ዘጠኙም ካልታዩ መኪና አይነሳም።

ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመው ሰባተኛው ላይ ነበር፤ ከማማው ፊት ለፊት፣ ከሐይቁ ማዶ። እሱ ሁለት ጊዜ ያውለበልብ ነበር። የመጀመሪያው ለሥራ ነው። ሁለተኛውን መዝገብ ላይ አስፍሬው አላውቅም።

ሲሞት ቦታውን ሎጋው የምንለው ልጅ እግር ሰው ያዘ።

ባለፈው ቅዳሜ ውድድር ነበር። ስድስቱን ጣቢያ ጻፍኩ። ሎጋው አንዴ አውለበለበ። መነጽሩን ከዓይኔ ሳላነሳ ጠበቅኩ። መነሻው ላይ ሃያ ሁለት ሞተር ያጓራል።

«እታለም፣ ሰባት ምን ሆነ?» አለ አለቃችን በሬዲዮ።

«አልጨረሰም።»

«ምኑን ነው የማይጨርሰው? ልብስ እያሰጣ ነው እንዴ!»

«ኧረ እኔ አውለብልቤ ቁጭ ብያለሁ!» ሎጋው ጮኸ። ከስምንተኛው ጣቢያ ሳቅ ተሰማ።

ያኔ ነው ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ የገባኝ። «ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። አራት ደቂቃ አልፏል።

ማታ አለቃችን ደረጃውን እያለከለከ ወጣ።

«እንዲህ ከሆነ መስኮቱ ጋ ላስቀምጥሽ አልችልም። ቢሮ ውስጥ ሥራ አላጣልሽም።»

«ሁለተኛ አይደገምም።»

ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ ዞር አለ። «ሁለት ጊዜ ነበር አይደል የሚያውለበልበው? ሁላችንም እናይ ነበር እኮ።»

እኔ የሁለታችን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የመስኮቱን ጨርቅ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

በማግስቱ ጉሙ ቶሎ ገፈፈ። ሰባት አንዴ አውለበለበ፤ ጻፍኩ። ዓይኔን ወደ ስምንት ሳዞር ማዶ ባንዲራው እንደገና ተነሳ፣ በሎጋው ረጅም ክንድ፣ እያመነታ። አለቃችን ነግሮታል ማለት ነው።

ሬዲዮውን አነሳሁ። «ሰባት፣ አንዴ ይበቃል።»

«እሺ እትዬ። ይቅርታ፣ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥህ።»

ባንዲራውን አወረደ። ስምንትን ጻፍኩ፣ ዘጠኝን ጻፍኩ፣ መኪኖቹ ተነሱ። ቦታዬም መስኮቱ ጋ ነው።

ከማዶ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይውለበለባል። ሁለተኛው የለም።