አራት ጣት እርጥበት

ዝናቡ ዓርብ ከሰዓት ወረደ። ቆርቆሮውን እየደበደበ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘነበ። እኔ ሞኟ በር ላይ ቆሜ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የበርበሬ ችግኜ መደቡ ላይ አድጎ ለተከላ ደርሶ ዝናብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ዘሩ የእናቴ ነው፤ እሷ ከሞተች ጀምሮ በየዓመቱ ከማሳዬ እየመረጥኩ ያቆየሁት። አምና ምርቱ ስለከዳኝ ዘንድሮ የቀረችኝን ሁሉ ዘራኋት፤ ለክፉ ቀን ብዬ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀረሁም።

ደቦ የጠራሁት ለቅዳሜ ነበር። ጠዋት የግብርና ባለሙያው ይትባረክ ከእንሴኖ ከተማ መጣና ማሳዬን በአካፋ ቆፈረ። ላዩ ጥቁር ጭቃ ነው። አራት ጣት ያህል ወረድ ሲል ግን አመድ የመሰለ ደረቅ አፈር ወጣ።

«እትዬ ፈቲሀ፣ ውሃው ወደ ታች አልሰረገም» አለኝ። «መሬቱ ደርቆ ስለከረመ አብዛኛው በላዩ ፈሶ ሄዷል። ሥሩ የሚይዘው እርጥበት የለም። ሁለት ዝናብ ይደገምና ያኔ ይትከሉ።»

«ሰዉንስ ምን ልበለው?» አልኩት።

ሃያ ሰው ደጄ ቆሟል፤ ቆጮና ጎመኑ ተሠርቷል። የመጣን ደቦ መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ጎረቤቴ ከማሉ የራሱን ሥራ ትቶ ነው የመጣው። ወደ ጉድጓዱ እንኳ ሳያይ ሳቀ።

«ይሄን ሁሉ ጭቃ እያየሽ? ቢስሚላህ በዪና እንጀምር!»

ቢስሚላህ አልኩ። አስር ሰዓት ሳይሞላ ተክለን ጨረስን። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ከልጄ ከነዒማ ጋር ከወንዝ በጀሪካን ብናመላልስም የደረስነው ለሁለት መስመር ነው፤ እሱም አልተረፈም። በዘጠነኛው ቀን ችግኙ እንደ ሻይ ቅጠል እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ይትባረክን ሳይሆን ራሴን ረገምኩ። ሃያ ሰው እንዳያዝንብኝ ብዬ የእናቴን ዘር ቀበርኩት።

ዝናቡ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ቀስ እያለ ሦስት ቀን ጣለ። ሲያባራ ማሳው መሐል ቆፍሬ እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ ድረስ ርጥብ ነው። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ነዒማ መጥታ ጉድጓዱን አየች።

«እማዬ፣ አሁን መትከል ይቻላል?»

«አዎ፣ አሁን ይቻላል» አልኳት። የምንተክለው ግን አልነበረንም።