አራተኛው እጥበት

ጁወይሪያ የተሳፈረችበት ታክሲ ቸርችል ጎዳና ላይ ከኋላ ከተገጨ ሁለት ወሩ ነው። የዚያን ቀን አንገቷ ወደ ፊት ተወርውሮ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዋ ጭው እያለ ይውላል፣ ጭው እያለ ያድራል። የፒያሳው ሐኪም «ኩክ ነው» እያሉ ጆሮዋን ሦስቴ አጥበውላታል፤ ዛሬ ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ ስሪንጁን ውሃ ሞሉት።

«ኧረ ዶክተር፣ ጆሮዬ ከዚህ በላይ ከታጠበ ቀለሙን ይለቃል! የተመታው እኮ አንገቴ ነው!»

አክስቷ ዐፊፋ ቆነጠጧት። «አፍሽን ሰብስቢ! የተማሩት እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ?»

«እኔማ ከስድስተኛ ነው ያቋረጥኩት፣ አክስቴ። የሚጮኸው ግን እኔ ጋ ነው።»

የሐኪሙን እጅ ገታ አድርጋ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች፤ ጩኸቱ ቀጠነ። ወደ ቀኝ ስትመልሰው ወፈረ። የሰማችውን በአፏ እየተከተለች አዜመችላቸው።

«በሉ ይንገሩኝ፣ የጆሮ ኩክ አንገት በዞረ ቁጥር ዜማ ይቀይራል?»

ሐኪሙ ስሪንጁን አስቀምጠው «እስቲ ድገሚው» አሉ። ማጅራቷን በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ዜማዋ ሽቅብ ወጣ። ወረቀት ሳቡና ወደ አንገት ሐኪም ሪፈር ጻፉላት።

ደረጃውን ሲወርዱ አክስቷ «ለመሆኑ ምን ብለው ጻፉልሽ?» አሏት።

«እኔ ያልኩትን ነዋ! በእንግሊዝኛ።»