የእትዬ ካሳነሽ ጉልበት እና የወደቡ ጭቃ

እትዬ ካሳነሽ ሳምንቱን ሙሉ ጉልበቷን ስትቀባ የከረመችው የቤተክርስቲያን እምነት አይደለም፣ የወደብ ጭቃ ነው! በቃ፣ ዋናው ወጣ።

ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ራኬብ ለሳይንስ ፕሮጀክት ከክፍሏ ልጆች ጋር ወደብ ሄዳ ከባሕሩ ስር ጭቃ አወጣች። ውሃው እንዲህ ጥርት ብሎ ምን ሊገኝበት ነው ብላ ነበር። ቲቸሯ ግን ከመርከቡም ከመንገዱም ታጥቦ የሚገባው ቆሻሻ ወርዶ ጭቃው ላይ ነው የሚተኛው፣ ውሃው ይሄዳል ጭቃው ይቀራል አለቻት። ይቺ ነገር ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች። ግማሹ ጭቃ እንዲመረመር ፓሳዴና ላብራቶሪ ተላከ። የቀረውን፣ ምናልባት ድጋሚ ቢፈለግ ብላ፣ ቤት አድርቃ ወቅጣ ነፋችው። ግራጫ ዱቄት ሆነ። ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጋ፣ ትንሹ ወንድሟ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። የት? የማርያም ስዕል ያለበት መደርደሪያ ላይ! ምንም ሳትጽፍበት!

እትዬ የእናቷ ታላቅ እህት ናት። ፓልምስ የሚባል ሰፈር ተቀጥራ አንዲት አሮጊት ስታነሳ ስታስተኛ ነው የምትውለው፣ ጉልበቷ አልቋል። ስዕሉ ስር አመድ የመሰለ ነገር ስታይ ከአገር ቤት፣ ከደብር የመጣ እምነት መሰላት። ማን አመጣው ብላም አልጠየቀች፤ ተሳልማ፣ በውሃ በጥብጣ ተቀባች።

እና ተሻላት! ደረጃውን ድጋፉን ሳትይዝ ወርዳ የሐበሾቹን ሰፈር ፌርፋክስን በእግሯ ዞረች፣ ላገኘችው ሁሉ አወራች።

ትናንት ውጤቱ መጣ። እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ጭቃው ውስጥ ከሚገባው በላይ አለ። ራኬብ ክው አለች። ጠርሙሱን ስታወርድ ተጋምሷል። ወዲያው እትዬ ትንሽ ፌስታል ይዛ ገባች።

"አምጪው እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ለጋሼ ጉግሳ ልቆንጥርለት።" ጋሼ ጉግሳ ፌርፋክስ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጋ መኪና ፓርክ የሚያደርገው፣ ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ..."

"ምነው፣ ያልቅብኛል ብለሽ ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ጉልበቷን ዳበስ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ "አሁንኮ ሌሊት ሳልነቃ ነው የማድረው" አለች።

ራኬብ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እንደማትሰጣት አውቃለች። ተደፋ ብላ እሁድ ከቤተክርስቲያን እውነተኛውን ብታመጣላትስ? ማንም አያፍርም፣ ማንም አይከፋውም። ግን እንደዚያ ከሆነ እትዬ እርሳሱ ገብቶባት እንደሆነ ደሟን አትመረመርም። ላዩ ጥርት ብሎ ከስር የሚቀር ነገር ደግሞ አለ። እውነቱን ብትነግራትስ፣ ጉልበቷ ተመልሶ ቢያማት?

እትዬ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እናንተ ብትሆኑ፣ ፕሊስ፣ ምን ትሏታላችሁ?