ሠላሳ አንደኛው ገጽ

ስልኩ ሲጮኽ አክበረት ኪዋቱሌ ባለው ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ከካርቶን ዶሮ እየሠራች ነበር። ይህ ሥራዋ ነው። ካምፓላ ላሉ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከትናንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ ምን እንደሚያበሏቸው፣ መቼ ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው እንደሚሮጡ ታስተምራለች። መዋዕለ ሕፃናቱ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሁሉ በቴሌግራም ነው። እሷ ዶሮዋን ሠርታ ቪዲዮ ትልካለች፣ እናቶቹ ደግሞ የየራሳቸውን ዶሮ፣ አንዳንዶቹም ዶሮ ይሁን ጅብ የማይለይ ጉድ ይልኩላታል። ድሮ ከሁሉ ቀድማ ትልክ የነበረችው፣ ሕፃን ወንድ ልጅ ያላት አሰፋሽ ብቻ ከግንቦት ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ሰፈር ቀይራ ይሆናል ብላ አክበረት ትታታለች።

የደወለችው ወሰንየለሽ ነበረች፤ ንሳምብያ፣ ከሆስፒታሉ ኮረብታ ግርጌ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የሃያ ሁለት ዓመት ስደተኛ። ባሏ ጁባ ለሥራ እንደሄደ ድንበር ተዘግቶበት ቀርቷል። ያላት ሮሃ ብቻ ናት፣ የስምንት ወር ልጇ።

«እትዬ፣ ዛሬ ቪዲዮ አልልክም። ሮሃ አሟታል።»

«ምን ሆነች?»

«ያስላታል፣ ሦስት ቀኗ። ከጠዋት ጀምሮ ጡትም እንቢ ብላለች። እንጥሏ ወርዶ ነው አሉኝ። ግን አታስቢ፣ ጋሽ መሸሻ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይቆርጡልኛል።»

አክበረት መቀሱን ጣለችው። «እንዳታስቆርጪ! ወሰን፣ ትሰሚኛለሽ? አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት!»

«ሆስፒታልማ ኮሮና ነው ብለው ነጥቀው ያስተኙብኛል። ደግሞ መጽሐፍሽን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ እኮ። ስለ እንጥል አንድም ክፉ ነገር አይልም። ክፉ ቢሆን ትጽፊው ነበር።» ከዚያም፣ «ባትሪዬ ሊዘጋ ነው» አለችና ድምጿ ጠፋ።

አክበረት መልሳ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

ስለ መጽሐፉ የተባለው እውነት ነበር። መጽሐፉ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በብዙ አገር የሚሠራበት የሕፃናት ጤናና አስተዳደግ መመሪያ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰችው አክበረት ናት፤ ቢጫ ሽፋን ለብሶ በመጋቢት ታተመ። ከመታተሙ በፊት ከአዘጋጆቹ ቢሮ በየገጹ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣላት ነበር፦ «ይህ በእናንተ ማኅበረሰብ አለ? አለ፣ የለም።» የማይመለከት ገጽ እንዲወጣ ነው። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ስለ እንጥል መቁረጥና ስለ ወተት ጥርስ መንቀል ነበር። አክበረት የገዛ እንጥሏ በሁለት ዓመቷ ተቆርጧል፤ መስተዋት ፊት አፏን ስትከፍት ባዶ ቦታው ይታያታል። ቢሆንም ያን ቀን ፊቷ ጋለ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ እኛ ምን ሊሉ ነው? ይሄ የድሮ፣ የገጠር ነገር ነው፤ ካምፓላ ድረስ ማን ይዞት ይመጣል? ገመናችንን በገዛ እጄ ምን አስላከኝ? ብላ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ቡናዋን ጠጣች። ምሁር ነኝ ባይ ሰው የሚሠራው ስህተት እንዲህ በአንድ ጭረት የሚያልቅ ነው።

አሁን ግን ሮጠች። ገና ለእናቶች ያልተከፋፈሉ ስልሳ መጻሕፍት ያሉበትን ካርቶን አንስታ፣ የመሥሪያ ቤቷን መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጭምብሏን አጥልቃ ወጣች። በኮሮናው ምክንያት ታክሲ የለም፤ የግል መኪናም ታግዷል። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። መታጠፊያው ላይ ማቶኬ፣ ያንን የሚቀቀል አረንጓዴ ሙዝ፣ የጫነ ሞተሩን አቁሞ የሚያራግፈውን ዋስዋን አገኘችው፤ የሰፈሩ ቦዳ ነጂ ነው፣ ያውቃታል።

«ማዳም፣ ካርቶኑን አደርስልሻለሁ፤ አንቺን ግን አልችልም። ሞተሬን ይወስዱብኛል።»

«እኔንም ዕቃ ነች በላቸው። ልጅ ልትሞት ነው፣ ዋስዋ። የስምንት ወር ልጅ።»

ዋስዋ አያት፣ የቀረውን ማቶኬ መሬት ላይ ዘረገፈና ኮርቻውን በክንዱ ጠረገላት። እሱም አባት ነው።

ከተማው ጭር ብሏል፤ ሌላ ጊዜ መኪና ተጨናንቆ የማያላውሰው መንገድ ወለል ብሎ ተኝቷል። አክበረት ካርቶኑን በደረቷና በዋስዋ ጀርባ መካከል አጣብቃ ሰዓቷን ታያለች። ዘጠኝ ተኩል። ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሲደርሱ መንገዱ በብረት አጥር ተዘግቶ ፖሊሶች ቆመዋል።

አንዱ ቀረበና ዋስዋን ቁልፉን እንዲያወጣ አዘዘው። ወደ አክበረት ዞሮ፣ «አንቺም ዕቃ ነሽ?» አላት።

አክበረት ካርቶኑን ከፈተች። መታወቂያዋን፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓርማ አሳየችው። ፖሊሱ አንዱን መጽሐፍ አንስቶ መግለጥ ጀመረ። ፊደሉን አያውቀውም፤ ሥዕሎቹን ያያል፦ እጅ የምትታጠብ እናት፣ ክትባት የሚወጋ ልጅ፣ በዕንጨት ኩብ የሚጫወቱ መንታዎች። ቀስ ብሎ፣ ገጽ በገጽ፣ ቀኑ ሁሉ የሱ እንደሆነ። አክበረትን ላብ አጠመቃት። ዘጠኝ ከአርባ አምስት።

«ጥሩ ሥራ ነው የምትሠሪው» አለና መጽሐፉን መለሰላት። «እለፉ።»

ምነው በሰደበኝ አለች በሆዷ።

ንሳምብያ ደርሳ የወሰንየለሽን በር ሳታንኳኳ ብትከፍተው ጋሽ መሸሻ ቀድመው መጥተዋል፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤታቸው ለመግባት ነው። ጸዳ ያለ ኮት የለበሱ፣ በሠፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ምላጩን ዋራጊ የተባለው የአገሬው አረቄ ባለበት ሳህን ውስጥ ዘፍዝፈውታል። ወሰንየለሽ ሮሃን ጭኗ ላይ አጋድማ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ይዛለች። ሕፃኗ አታለቅስም፤ አለማልቀሷ ነው አክበረትን ያስደነገጣት።

«ጋሽ መሸሻ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይቆዩ!»

«የምን መቆየት ነው፣ ልጄ? ትንፋሿ እያጠረ እያየሽ!» ተቆጡ። «ለእኔም፣ ለልጆቼም ተቆርጧል። ለክፋት የመጣሁ መሰለሽ?»

«ለክፋት አልመጡም። ግን የታመመው ሳንባዋ ነው። ይህ ደግሞ ደም ያፈሳታል፣ ይመርዛታል። ይገድላል።»

«የት ተጽፎ?» አለች ወሰንየለሽ። ቢጫው መጽሐፍ ትራሷ አጠገብ ነበር። «የቱ ገጽ ላይ ነው? አሳዪኝ!»

ያኔ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። «ሠላሳ አንደኛው ላይ ነበረ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ይህ ነገር እናንተ ዘንድ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የለም አልኳቸው። አፍሬ።»

«በማን ነው ያፈርሽው?» አለች ወሰንየለሽ። «በእኛ?»

ጊዜ የለምና አክበረት ተንበርክካ የሮሃን ልብስ ገለጠች። «ጋሽ መሸሻ፣ ደረቷን ይዩት፤ ከጎድኗ ሥር እንዴት እንደሚሰረጉድ። ሰዓትዎን ይያዙልኝና አንድ ደቂቃ ሲሞላ ይንገሩኝ።» የሕፃኗን ትንፋሽ ቆጠረች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቁጥሩ ብቻ ነበር። «በቃ» ሲሉ ስልሳ ስድስት ላይ ደርሳለች። መጽሐፉን አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከፍታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። «በእሷ ዕድሜ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ በሩጫ ሆስፒታል ይላል።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ። ምላጩን ከሳህኑ አውጥተው በመሐረባቸው ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት። «ሂጂ» አሏት ወሰንየለሽን፣ ማንንም ሳያዩ። «ሩጪ።»

ዋስዋ ሦስቱንም ከነካርቶኑ ጭኖ ኮረብታውን ወጣ። ሮሃን ተቀብለው አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አደረጉላት፣ መርፌም ወጓት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አትደርሺም ነበር አላት ወሰንየለሽን፤ አሁን ግን ትተርፋለች አለ። ወሰንየለሽ አለቀሰች። አክበረትን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች። የሮሃን ጉሮሮ በባትሪ አብርታ አይታለች። «እንጥሏ አልተቆረጠም፤ ጥሩ ነው። እናንተ ዘንድ ይህ ነገር ይደረጋል?»

ያው ጥያቄ ነው። ወሰንየለሽ አሁን ቀና ብላ አየቻት።

«አዎ» አለች አክበረት። «ይደረጋል። እኔም ተቆርጫለሁ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አወረደች። «ስንቱን ጠይቄ አዎ ያለኝ የለም። በግንቦት የሰባት ወር ወንድ ልጅ እየደማ መጣ። እናቲቱን ምን ተደርጎ ነው ብንላት ምንም አለች። ብናውቅ ኖሮ...» ዓይኗ ካርቶኑ ውስጥ ባሉት ቢጫ መጻሕፍት ላይ አረፈ። «ይህንኑ መጽሐፍ ይዛ ነበር። ልጁ ካረፈ በኋላም አልለቀቀችውም።»

አክበረት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። የሰባት ወር ወንድ ልጅ። ግንቦት።

ስልኳን አወጣች። በቡድኑ ውስጥ ሦስት መቶ አርባ እናቶች አሉ። ጠዋት የጀመረችው የዶሮ ቪዲዮ ሳይላክ ቆሟል፤ አጠፋችው። የድምፅ መቅጃውን ተጭና፣ እንጥል አታስቆርጡ፣ ጥርስ አታስነቅሉ፣ ይህ መጽሐፉ ላይ ነበረ፣ ያወጣሁት እኔ አክበረት ነኝ፣ ያወጣሁትም ስላፈርኩ ነው አለች። ደግማ አልቀዳችውም። ላከችው።

ሃያ ሰው ሰማው፣ ሃምሳ ሰው ሰማው። ከዚያ ከታች፣ ከግንቦት ወዲህ ያልታየ ስም ብቅ አለ፤ አሰፋሽ እየጻፈች ነው። ጻፈች፣ አቆመች፣ እንደገና ጻፈች።

«አሁን ነው የምትነግሪን?»