ጥይቷ እህቴ የዘገየች ቀን

አባታችን ፀጉር አስተካካይ ነው። ለእሱ ጎበዝ ተማሪ ማለት ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልስ ልጅ ነው፤ ሌላ ትርጉም ቢነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ታናሽ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ደንበኞች ፊት እያቆመ ይጠይቃት ነበር። ጢማቸው በግማሽ የተላጨ ሰዎች ዳኛ ይሆናሉ፣ እሷ ደግሞ ገና «የዓለማችን ረጅሙ...» ሲባል መልሱን ዱብ ታደርገዋለች። «ጥይት» የሚል ስም ወጣላት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ፀጉር እየቆረጥኩ ይህን ጉድ ስሰማ ኖሬያለሁ።

ፍጥነቷ እስከ ነርስነት ትምህርት ቤት ድረስ በደህና አደረሳት። እዚያ ግን ታካሚ አነጋግሮ የመፈተን ተራ መጣ። አንዲት ሴትዮ «እኔን የሚያመኝ...» ብላ ስትጀምር እህቴ «ሆድዎን» ብላ ከአፏ ነጠቀቻት። ሴትየዋ ይሉኝታ ይዟት ሳታርማት ቀረች። ያማት የነበረው ደረቷን ነው። እህቴ ወደቀች። አንድ ጊዜ እንድትደግም ተፈቀደላት፤ ከዚያ ወዲያ ስንብት ነው።

አባቴ ጥፋቱን በሴትየዋ ላይ ጣለ። ቀርፋፋ ናት አለ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብትለው በጄ አላለም፤ እንዲያውም እህቴ ላይ ጥያቄውን አበዛባት።

በድጋሚው ፈተና ቀን እኔና አባቴ ፀጉር ቤቱን ዘግተን በረኪና በሚሸተው የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ተፈታኞቹ ተራ በተራ እየገቡ ቶሎ ቶሎ ወጡ። መጨረሻ የገባችው የእኛዋ ግን ሳትወጣ ቆየች። ተነስቼ በበሩ መስታወት ባይ፣ አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ ያወራሉ፤ እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። አባቴም መጥቶ አየ።

«ምነው ዝም አለች? ጠፋባት እኮ» አለ።

በመጨረሻ ፈታኟ ወጡ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ መምህርት ናቸው። አልፋለች አሉን። ሽማግሌው ወሬያቸውን ከጎረቤት አጥር ጀምረው ወደ ልጃቸው ሠርግ ወስደውታል። ከሌሎቹ ብዙዎቹ እዚያው ሠርጉ ላይ አቋርጠዋቸዋል። እህቴ ግን ሳታቋርጥ አዳመጠቻቸው። ለካ ሠርጉን በወጉ ያላዩት አንድ መርፌ ተወግተው፣ አልስማማቸው ብሎ ፊታቸው አብጦ ነው፤ «ይሰጣቸው ወይ?» ተብሎ ለፈተና የቀረበው መድኃኒትም ያው ነበር። እህቴ አይሰጣቸውም አለች።

እፎይ አልኩ። ያን ቀን ደስታዬን የት ላድርሰው? ኮሪደሩ ጠበበኝ።

እህቴ ላብ በላብ ሆና ወጣች። አባቴ አንገቷን አቅፎ፣ ልማድ አይለቅም፣ «ስንተኛ ወጣሽ?» አላት።

«መጨረሻ ነኝ አባዬ። አልፌያለሁ ግን።»

አባቴ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ወደ ቤት ልንሄድ ስንነሳ ሽማግሌው ከውስጥ ተጣሩ። ሠርጉ በምን እንዳለቀ አልነገርኩሽም ልጄ፣ አሉ። ፈተናው አልቋል፣ ውጤቱ ተነግሯል፣ እናቴም ቤት ሆና በጭንቀት እየጠበቀች ነው። እህቴ ግን ተመልሳ ገባች፤ ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ስትቀመጥ አየናት።

ልጠራት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝና አግዳሚው ላይ መልሶ አስቀመጠኝ።

«ተዋት» አለኝ፣ «ይጨርሱ።»