የዋስ ደመወዝ

መምህርት ጥሩወርቅ የወንድሟ የይሻው ዋስ ነበረች። እሱ የባንክ ብድሩን መክፈል ሲያቆም፣ ስምንት ወር ሙሉ የተቆረጠው የእሷ ደመወዝ ነው።

ዛሬ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ፣ አንገቱ ላይ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ፊቷ ተንበረከከ።

«ከስሯል፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ምሕረትአብ።

ጥሩወርቅ ደሟ ፈላ። ድንጋዩን እንኳ የተሸከመው በሯ ላይ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ድንጋዩም ሽማግሌዎቹም የመጡት በዚያው ብድር በተገዛው ባጃጅ ነው።

«አንቱን አላሳፍርም፣ አባ፤ ምሬዋለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ድንጋዩን አውርድ፣ ይሻው።»

አወረደው። ጉልበቷን ሊስም ሲጠጋ ገፋችው።

«የባጃጁን ቁልፍ ድንጋዩ ላይ አስቀምጥ። ሽማግሌዎችህን በእግር ትሸኛቸዋለህ።»